መርከቡ ሳይጥለን ሮምን በራሳችን ማየት እንችላለን?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በመስከረም እናቴን ይዤ ከባርሴሎና በሚነሳ የሜዲትራኒያን ክሩዝ ልንሄድ ነው። መርከቡ ቺቪታቬኪያ ወደብ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ቆሞ ማታ 1 ሰዓት ይነሳል። የመርከቡ የሮም ጉብኝት ውድ ነው፤ ደግሞ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አብሮ ነው የሚሄደው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ እንግሊዝኛም አትችልም። የምትመኘው ሁለት ነገር ነው፦ ቅዱስ ጴጥሮስን መሳለምና የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ማየት። ሮም የሚኖር የአክስቴ ልጅ «በመኪናዬ እወስዳችኋለሁ» ብሎናል። ጓደኞቼ ግን «መርከቡ ጥሏችሁ ይሄዳል» እያሉ አስፈራሩኝ። ምን ይሻለናል?
የእናቷ ልጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ በግል ሂዱ። እናትሽ የሚመኙትን የመርከቡ አውቶቡስ አያሳያቸውም። ኮሎሲየም፣ ትሬቪ፣ ቫቲካን፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ወደብ ነው። ሐውልቱ ቆሞበት የነበረው ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ የሚያቆምላችሁ የለም።

ጓደኞችሽ ያሉት ግን እውነት አለው። በመርከቡ በኩል የተያዘ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፣ መጠበቅ ካልቻለም ተጓዦቹን ቀጣዩ ወደብ ማድረስ የእሱ ኃላፊነት ነው። በግል የወጣን ሰው አይጠብቅም። ቲኬቱ ላይ «1 ሰዓት ይነሳል» ቢልም የመሳፈሪያው ጊዜ የሚያበቃው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት። የሚቆጠረው ደግሞ የመርከቡ ሰዓት ነው፤ ስልክሽ ከሚያሳየው ጋር መግጠሙን ስትወርጂ አረጋግጪ።

ቺቪታቬኪያ «የሮም ወደብ» ይባላል እንጂ ከሮም ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በመኪና ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብትወጡ 3 ሰዓት ገደማ ሮም ናችሁ። ከሮም የምትነሱት 9 ሰዓት ላይ ይሁን። «ትንሽ ብንቆይስ» የሚባል ነገር አይኑር፣ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ይጨናነቃል። (ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ከሹፌሩ ጋር ስትጻጻፊ በፈረንጁ አድርጊው፣ ጠዋትና ማታውንም ለይተሽ ጻፊ።)

ባቡርም አለ፣ ዋጋው በጣም ርካሽ ነው፣ ቫቲካን አጠገብ ሳን ፒዬትሮ የሚባለው ጣቢያ ላይ ያወርዳችኋል። ብቻሽን ብትሆኚ እሱን እመክርሽ ነበር። ከወደቡ ወደ ጣቢያው ያለው ውጣ ውረድ ግን ጉልበት ለሚያም ሰው አይሆንም፣ ጣሊያን ደግሞ የባቡር አድማ አይጠፋም።

የአክስትሽ ልጅ እግዜር ይስጠው፣ መኪናውን ግን ቤቱ ይተወው። መሃል ሮም ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ሰፊ ክልል አለ። ካሜራ ይይዘውና ቅጣቱ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል። ጣሊያኖቹ «ኤንቺቺ» የሚሉት ፈቃድ ያለውን ባለ ሹፌር መኪና ተከራዩ። ዋጋው በሰው ሳይሆን በመኪና ስለሆነ ከመርከቡ አንድ ሌላ ቤተሰብ ጨምራችሁ ብትካፈሉት ይቀልላችኋል። የአክስትሽ ልጅ ሮም ላይ ይቀላቀላችሁ፤ ለእናትሽ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሹፌሩ መኪና ውስጥ ሊያወራችሁ ይችላል፣ ኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየም ውስጥ ገብቶ ማስጎብኘት ግን ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሥራ ነው። እናንተ ለያዛችሁት ዕቅድ እሱም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ቅዱስ ጴጥሮስ መግቢያው ነጻ ነው፣ የፍተሻው ሰልፍ ግን ረጅም ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ቀኑ ረቡዕ ከሆነ ጠዋት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከሕዝብ ጋር የሚገናኙበት ነው፣ ባዚሊካው ለጎብኚ የሚከፈተው ወደ እኩለ ቀን ነው፤ ያኔ ከፖርታ ካፔና ጀምሩ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። እናትሽ ነጠላቸውን ከያዙ በቂ ነው።

አሁን ወደ ሐውልቱ። ፋሺስቶች ወስደው ፖርታ ካፔና ላይ ያቆሙት ሐውልት ከስድሳ ዓመት በላይ እዚያ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገባ። ቦታው ላይ ዛሬ የምታዩት የመስከረም 1ዱን የአሜሪካ ጥቃት የሚያስታውሱ ሁለት አጫጭር ዓምዶች ነው፣ ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ግን እዚያው ቁሙና ወደ ኮንስታንቲን ቅስት የሚወስደውን መንገድ ተመልከቱ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሞሮኳዊውን ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው ሐውልቱ አጠገብ ነው፣ ከዚያ ቅስቱ ሥር ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እናትሽ ከቻሉ ቀስ ብላችሁ በእግር ሂዱት፣ ሹፌሩ ኮሎሲየም በኩል ይጠብቃችሁ። እኔ የሄድኩት ዕለት እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ከመክፈልሽ በፊት ሹፌሩን በጽሑፍ ጠይቂው፦ የሚቀበለን መርከቡ ሥር ነው ወይስ ወደቡ በር ላይ? መርከቡ ቢዘገይ ይጠብቃል? ጭራሽ ባይቆምስ ገንዘቡ ይመለሳል? ክፍያው በቀኑ መጨረሻ ከሆነ እሰየው። ስትወጡ ፓስፖርት ያዙ፤ መርከቡ በየዕለቱ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ አለ፣ ፎቶ አንሺው። ብትቀሩ የምትደውሉት ለእሱ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። እናትሽ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። መርከቡ መሃል ላይ ቱኒዚያን ወይም ቱርክን የሚነካ ከሆነ ደጋግሞ የሚያስገባው ዓይነት መሆን አለበት። ቀጠሮው ቶሎ አይገኝም፣ ዛሬ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ላይ መርከቡ ዳር አይጠጋም አሉ። የግል ሹፌር ስንት ሰዓት ላይ ልቅጠር?
ከስቶክሆልም

መልስ፦ ልክ ነው፣ በትንንሽ ጀልባ ነው የምትወርደው፣ ቅድሚያ የሚያገኙትም የመርከቡን ጉብኝት የገዙት ናቸው። የቀሩት ፊራ ከተማ ግርጌ ካለው አሮጌ ወደብ ይወርዳሉ። ከዚያ ወደ ላይ የኬብል ካር ሰልፍ አለ፣ ወይም ስድስት መቶ የሚጠጋ ደረጃ። አህያም ያከራያሉ፣ በዚያ ፀሐይ ስታያቸው ግን አንጀትህን ይበሉታል፤ ተዋቸው። ሹፌሩን ላይ ፊራ፣ መርከቡ ከደረሰ ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቅጠረው። ሙሉ ክፍያ አስቀድመህ አትላክ። እኔ ስሄድ ነፋሱ በርትቶ ካፒቴኑ ሳይቆም አለፈ፣ መኪና የያዝኩበት ድርጅት «ቀጠሮው ላይ አልተገኘሽም» ብሎ ብሬን በላው። መርከቡ ካልቆመ ሙሉ ገንዘብ እንደሚመለስ የሚል መስመር ውሉ ላይ ከሌለ ሌላ ድርጅት ፈልግ።