መልስ፦ «ኢኒት_ታይመር» አልታወቀም የሚለው ስህተት

ጎንደር ፒያሳ ላለው ሱቅ የምታስተካክለው የደረሰኝ ማተሚያ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራው ኮድ) አዲሱ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ላይ አልጠናቀር ያለው «ኢኒት_ታይመር» (init_timer)፣ ማለትም ታይመርን የሚያዘጋጀው የከርነል ተግባር፣ ስለተሰረዘ ነው። ከሊኑክስ 4.15 (2018 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የለም። መልሰህ ልትተክለው አትሞክር፤ አሮጌውን ኮድ አውጣው።

1. «ኢኒት_ታይመር» ያለበትን መስመር፣ «ዳታ» እና «ፈንክሽን» የተባሉትን የታይመሩን መስኮች ከሚሞሉት መስመሮች ጋር ሰርዝና በአንድ «ታይመር_ሴትአፕ» ተካቸው። የመጨረሻው ግቤት 0 ይሁን።

2. ሰዓቱ ሲደርስ የሚጠራው ተግባር አሁን የሚቀበለው ቁጥር ሳይሆን የታይመሩን ፖይንተር (የማህደረ ትውስታ አድራሻ) ነው። የመሣሪያህን መረጃ የያዘውን ስትራክት ከእሱ በ«ፍሮም_ታይመር» አውጣ። ከ6.16 ወዲህ ግን ስሙ «ታይመር_ኮንቴይነር_ኦፍ» ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ኮዱ ተጠናቀረ ብለህ አትተወው፤ የሞጁሉን መውጫ፣ ማለትም ድራይቨሩ ከከርነሉ ሲወጣ የሚሠራውን ኮድ፣ ተመልከት። ታይመሩን የሚሰርዘው «ዴል_ታይመር» (ከ6.15 ወዲህ ስሙ «ታይመር_ዴሊት» ነው) በሌላ ፕሮሰሰር ላይ እየሠራ ያለውን ተግባር አይጠብቅም። ያ ተግባር ሳይጨርስ የሚጠቀምበት ማህደረ ትውስታ ቀድሞ ከተለቀቀ ከርነሉ ይወድቃል፤ ያውም ሁልጊዜ ስለማይሆን መንስኤውን መያዝ እጅግ አድካሚ ነው። እንዲህ ያለ ብልሽት ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት በሱቁ ሰዎች ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ታይመሩ ራሱን መልሶ የሚቀጥር ከሆነ ከ6.2 ጀምሮ ያለውን «ታይመር_ሻትዳውን_ሲንክ» ተጠቀም፤ ተግባሩ እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ዳግም መቀጠርንም ይከለክላል። ሰዓቱ ሲደርስ የሚጠራው ተግባር የሚፈልገውን ሎክ (ሌላው እንዳይገባ የሚያግድ ቁልፍ) ይዘህ ግን አትጥራው፤ ሁለቱም ሲጠባበቁ ማሽኑ ይደርቃል።