ለሙከራ የሚሆን የባንክ ቅርንጫፍ ኮድ ከየት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ ፋብሪካ የክፍያ ሶፍትዌር በመሥራት ላይ ነኝ። ፋብሪካው መለዋወጫ የሚያስመጣው ከህንድና ከአሜሪካ ስለሆነ ሶፍትዌሩ የየአገሩን የባንክና የቅርንጫፍ ኮድ መቀበል አለበት። ለሙከራ ከፋብሪካው የክፍያ መዝገብ 200 ያህል ኮዶችን ልገለብጥ ስል ባልደረባዬ ከለከለኝ። ኮዱ ምስጢር ካልሆነ ጉዳቱ ምንድን ነው? መፍጠር ካለብኝስ እንዴት? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ኮዱ ብቻውን ምስጢር አለመሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከክፍያ መዝገብ ሲገለበጥ የሒሳብ ቁጥርና የባለሒሳቡ ስም አብረውት መምጣታቸው አይቀርም፤ የሙከራው ሥርዓት በስህተት ከእውነተኛው የክፍያ መስመር ጋር የተገናኘ ዕለት ደግሞ ትእዛዙ በትክክል ከሚሠራ ባንክ ይደርሳል። የሚያስፈልግዎ ቅርጹ የተሟላ፣ ባለቤት ግን የሌለው ኮድ ነው።

ከአሜሪካው እንጀምር። የባንክ መለያ ቁጥሩ ባለ 9 አሃዝ ሲሆን አሃዞቹ በተራ በ3፣ በ7 እና በ1 ተባዝተው ሲደመሩ ውጤቱ ያለ ቀሪ ለ10 መካፈል አለበት። በ99 የሚጀምር ቁጥር ለባንክ ስለማይሰጥ 99001234 ብለን እንነሣ፤ የስምንቱ ድምር 136 ይመጣል፤ 140 ለመሙላት 4 ስለሚጎድል ሙሉው ቁጥር 990012344 ይሆናል። አሁን 3 እና 4ን አቀያይረው 990012434 ብለው ያስገቡ፤ ድምሩ 136 ስለሚሆን ሶፍትዌሩ ሊመልሰው ይገባል። በእኔ እምነት እንዲህ ሆን ተብለው የተበላሹ ኮዶች ከደህናዎቹ ይልቅ ይጠቅማሉ፤ ፕሮግራመሮች ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጓቸዋል። ሶፍትዌርዎ የመነሻ አሃዞችንም የሚፈትሽ ከሆነ 99ን የሚፈቅደው በሙከራው ሥርዓት ብቻ እንዲሆን ያድርጉ።

የህንዱ ኮድ 11 ምልክት አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 4 ፊደላት ባንኩን፣ የመጨረሻዎቹ 6 ቅርንጫፉን ያመለክታሉ፤ አምስተኛው ምንጊዜም ዜሮ ነው። በዜሮው ቦታ «ኦ» የተባለውን የላቲን ፊደል መጻፍ የተለመደ ስህተት ስለሆነ ይህንንም ይሞክሩት። እንደ አሜሪካው ዘጠነኛ አሃዝ ያለ፣ በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ አሃዝ ስለሌለው በስሌት ብቻ አይጣራም፤ እውነተኛ ክፍያ ሲፈጸም የህንድ ሪዘርቭ ባንክ ከሚያወጣው ዝርዝር ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

የስዊፍት ኮድ፣ ማለትም በዓለም አቀፍ ክፍያ ባንኩን የሚለየው ኮድ፣ 8 ወይም 11 ምልክት ያለው ሲሆን አምስተኛውና ስድስተኛው አገሩን ይነግራሉ፤ ለኢትዮጵያ «ኢ» እና «ቲ» የተባሉት የላቲን ፊደላት (ET) ናቸው። ስምንተኛው ቦታ ላይ ዜሮ ማስገባት በልማድ የሙከራ ኮድ ምልክት ነው።

የአገር ውስጥ ቅርንጫፎችን በተመለከተ ኮዱን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ያስቀምጡት፤ ኤክሴል 012ን ከፍቶ 12 አድርጎ ሲያስቀምጠው ማንም ሳያስተውል ያልፋል። በቅርንጫፍ ስምም አይተማመኑ። ኮምቦልቻ የወሎው ብቻ ሳይሆን በምሥራቅ ሐረርጌም አለ፤ ፒያሳም በደሴም በአዲስ አበባም ይገኛል። ከደሴ በስተሰሜን ያለችውን ከተማ ደግሞ አንዱ ሐይቅ፣ ሌላው ሀይቅ፣ ሦስተኛው ሃይቅ ብሎ ይጽፋታል፤ ሦስቱንም በአንድ ኮድ ሥር ያስገቡና ሶፍትዌሩ ስንት ቅርንጫፍ ብሎ እንደሚቆጥር ይመልከቱ።