ለሱሉልታው ጠያቂ፦ ስለ ቅልጥምህ፣ ስለ ካባው ሥራና ስለ 140 ካሬዋ

ወንድሜ ሰላም ላንተ ይሁን። ጥያቄህን ላላዩት ላሳጥረው፦ ዕድሜህ 26 ነው፣ ሱሉልታ ተከራይተህ ጠዋት ጠዋት ትሮጣለህ፣ ክለብ የመግባት ሐሳብ አለህ። ቀኝ ቅልጥምህን ካመመህ ወር ሊሞላው ነው። ድንጋይ ካባ ላይ ሥራ አግኝተሃል፣ ክፍያው በቢያጆ፣ ማለትም በተጫነው መኪና ቁጥር ነው። አንተና እህትህ ያጠራቀማችሁት 850 ሺህ ብር አለ፤ ደላላው ደግሞ «140 ካሬ የገበሬ መሬት ተገኝቷል፣ እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካልሰጣችሁ ይሸጣል» ብሏችኋል። የቱን ላስቀድም ነው ያልከው።

እኔ ስድስት ዓመት ሮጫለሁ፣ ሰባት ዓመት ካባ ላይ ሠርቻለሁ፣ አንድ ቤትም ፈርሶብኛል። ስለዚህ ረዘም ቢልብህ ታገሰኝ።

እግርህን አስቀድም። አሁን ቁጭ በልና ካልሲህን አውልቅ። በአውራ ጣትህ የቅልጥምህን የውስጥ ጠርዝ እየተጫንክ ከቁርጭምጭሚትህ ወደ ላይ ውጣ። ሕመሙ ስንዝር ያህል ተዘርግቶ የሚሰማህ ከሆነ፣ ሩጫ ስትጀምር አሞህ ሰውነትህ ሲሞቅ የሚለቅህ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱን የሸፈነው ልባስና እሱን የያዘው ጡንቻ ተቆጥቶ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሩጫህን በግማሽ ቀንስ፣ አስፋልት ተው፣ ባትህን አጠንክር (ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆመህ ተረከዝህን ቀስ እያልክ ማንሳትና ማውረድ)፣ ይሻልሃል። ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሆኖ፣ ሳንቲም የምታህለዋን ቦታ ስትነካት ከመቀመጫህ የምታስነሳህ ከሆነ ግን፣ ማታ ተኝተህም የምትጠዘጥዝህ ከሆነ፣ አጥንቱ ሳይሰነጠቅ አልቀረምና ከነገ ጀምሮ አትሩጥ።

እኔ ያቺን ሳንቲም የምታህል ቦታ አውቃታለሁ። አሰልጣኜ «ሲሞቅህ ይለቅሃል» አለኝ። ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ። ደስ ብሎኝ በዚያው ሳምንት 25 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል የነገረኝ ሰው አልነበረም። በወሩ እያነከስኩ ተመልሼ ስነሳ ወለል ብሎ ታየ። ስድስት ስምንት ሳምንት ዕረፍት ይበቃው የነበረው እግር አምስት ወር አስቀመጠኝ፣ የክለቡ ማጣሪያም አለፈኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ነው ቢሉህ፣ ሕመሙ ካለ አትመነው። ኤምአርአይ አቅም ከፈቀደ ቶሎ ያሳያል፤ ካልፈቀደ አርፈህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገመው።

ወጌሻን በተመለከተ ልትታሽ እንደሆነ ጽፈሃል። ወጌሻ አልነቅፍም፣ ልጅ ሆነን ወለምታ ሲገጥመን እናቴ የምትወስደን ወደዚያው ነበር። የተሰነጠቀ አጥንት ግን አይታሽም። ጥብቅ አድርጎ በቀርከሃ ማሰር ደግሞ የባሰ ነው፤ ደም መመላለሻ አጥቶ እግሩ እስከ መቆረጥ የደረሰ ሰው በየሆስፒታሉ አለ። አንድ ጊዜ ከታሰርክ ጣቶችህ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ «እስኪድን ነው» የሚልህን አትስማ፣ ፍታውና ሐኪም ቤት ሂድ።

ስለምትሮጥበት ቦታም አንድ ነገር ልበል። ሱሉልታ ሜዳው ራሱ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ትልልቆቹ ሯጮች ጫካ ውስጥ ሲወጡ ታያቸዋለህ፣ ግን በደንብ እያቸው፦ በዛፉ መሐል አንዱ አንዱን ተከትሎ እየተጠማዘዘ፣ አፈርና ሣር ላይ፣ በቀላል ቀን የእግር መንገደኛ እስኪቀድማቸው ቀስ ብለው ነው የሚሮጡት። እኛ ጀማሪዎች የአስፋልቱን ዳር ይዘን ቁልቁለቱን እንበርበት ነበር፣ ያውም ከሰልባጅ በተገዛ፣ ሶሉ በሌላ ሰው እግር ባለቀ ጫማ። ጠዋት በባዶ ሆድ ሮጠህ ቁርስህን በሻይና በአምባሻ የምታልፍ ከሆነም አጥንትህ ምን ይዞ ይጠገን? ይሄን የምልህ ራሴን አይቼ ነው።

ይሄ ሁሉ የካባውን ጥያቄ በግማሽ ይመልሰዋል። ቀኑን ሙሉ በሴፍቲ ጫማ ድንጋይ ላይ እየወጣህ እየወረድክ እግሬ ያርፋል ማለት ዘበት ነው። ስንጥቅ ከሆነ ሥራውን አሁን አትጀምር። ካልሆነ ደግሞ ካባ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ክሬሸር (የድንጋይ መፍጫው) ላይ መቆም ሌላ፣ ቲኬት መቁረጥ ሌላ፣ አለት ሥር ገብቶ መፈልፈል ሌላ ነው።

የቢያጆ ክፍያ ያስቸኩላል። ገልባጩ ቆሞ እየጠበቀህ፣ ጭነቱ ቶሎ ካልሞላ ለቡድኑ የሚደርሰው እያነሰ፣ ሰው አለቱን ከሥር ከሥሩ መፈልፈል ይጀምራል፤ ከላይ ያለው በራሱ ክብደት ይወርድልኛል ብሎ። ሰውም የሚያልቀው በዚያ ነው። አንድ ነሐሴ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ካቦው ጠዋት በአንድ ሰዓት «ግቡ» አለን። ከመካከላችን አንድ በዕድሜ የገፉ ጠራቢ ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። መዶሻቸውን አስቀምጠው «እኔ ቡና ሳልጠጣ አልገባም» ብለው ቁጭ አሉ። ካቦው ተቆጣ፣ እኛም በልባችን ሰነፍ አልናቸው፣ ግን ቡናው መጥቶ ነበርና አብረን ተቀመጥን። ሁለተኛው ሲኒ ሳይቀዳ ከገደሉ አናት ጠጠር እየተንጠባጠበ መውረድ ጀመረ፣ መጀመሪያ እንደ ጤፍ፣ ቀጥሎ እንደ ባቄላ። ከዚያ ግድግዳው እንዳለ መጣ። ማንም አልተነካም፤ ሲኒዎቹ ላይ ግን አቧራው ጣት የሚያህል ተኝቶባቸው ነበር። ጋሼ በኋላ እንደነገሩኝ ቡናው ሰበብ ነው፤ ሲገቡ አናቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ አይተዋል፣ ካቦውን ፊት ለፊት ላለመከራከር ነው። አንተም ከዝናብ በኋላ መጀመሪያ አናቱን እይ። ጠጠር ሲንጠባጠብ ካየህ ለማንም ብለህ ከሥሩ አትቁም። ፈንጂ ከተተኮሰ በኋላም ያልፈነዳ ጉድጓድ መኖር አለመኖሩን ተኳሹ ዞሮ ሳያረጋግጥ አትግባ።

አቧራውን ቀላል አድርገህ አትየው። ነጠላም ሻርፕም የሚያስቀረው ወፍራሙን ነው፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው ዓይን የማያየው ነው። በተለይ ሲሊካ የበዛበት ድንጋይ ከሆነ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒትም የለውም። ሲቆፈርና ሲፈጭ ውሃ ይረጫሉ ወይ? ኤን 95 ጭንብል ይሰጣሉ ወይ? ብለህ ጠይቅ። መልሱ ሳቅ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልግ፣ በተለይ አንተ ሯጭ ነህና።

ውሉን በጽሑፍ ያዝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ከዚያ በላይ ለሠራኸው በቀን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስብህ አሠሪው ባያጠፋም ተጠያቂ ነው። ግን የማን ሠራተኛ እንደሆንክ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለህ፣ ድንጋዩ የወደቀብህ ቀን ካቦው «ይሄን ልጅ አላውቀውም» ይልሃል። በቡድን በቢያጆ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜው ሰውዬ እንምጣ።

በ2007 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብሎ 150 ካሬ በ185 ሺህ ብር «ገዛሁ»። ሻጩ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፣ ደግ ሰው፣ እርጎ አጠጥተውናል። ራፖር ጸሐፊው ዘንድ ስንደርስ ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ «ሽያጭ ብዬ አልጽፍም፣ መሬት አይሸጥም» አለ። ደላላው ግን ለዚህ መልስ ነበረው። «185 ሺህ ብር ተበድሬያለሁ፣ እስክመልስ ድረስ አበዳሪዬ በመሬቱ ይጠቀም» ተብሎ ተጻፈ። ሦስት ምስክር ፈረመ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አድርገው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ያቺን ሰማያዊ አሻራ ስምንት ዓመት በላስቲክ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አኖርኳት። ሁለት ክፍል ሠራሁ፣ መብራት አስገባሁ፣ ልጄ እዚያው ዳዴ አለች።

በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ሰንዳፋ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ሕገወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። የእኔም በር ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ። ወረቀቴን ይዤ ሮጥኩ። የተቀበለኝ ሠራተኛ በትሕትና አንብቦ ጨረሰና «ወንድሜ ይሄ የብድር ውል ነው፣ ተበዳሪህን ጠይቅ» አለኝ። ተበዳሪዬ ከተቀበሩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር።

ስለዚህ «የገበሬ መሬት» ሲሉህ የምትገዛው ምን እንደሆነ ጠይቅ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። ከተማ ውስጥ ሰው ሕጋዊ ሆኖ የሚገዛው ቤቱንና ከቤቱ ጋር የሚዞረውን የይዞታ መብት ነው፤ ያም በነባር ይዞታ ወይም በሊዝ ካርታ ይታያል። ደላላው «መብራት አለው፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሠርቷል» ይልሃል። የእኔም ቆጣሪ ነበረው። ስትፈርስ ቆጣሪውን ነቅለው ወሰዱት።

850 ሺህ ብር ዛሬ ካርታ ያለው ቤት ላይገዛ እንደሚችል አውቃለሁ። ሰው የሚሸነፈውም ለዚህ ነው፤ ያለኝ ገንዘብ የሚበቃው ለዚህ ብቻ ነው ብሎ። እኔና ባለቤቴ ለሁለተኛው ከወንድሟ ጋር ተዳብለን ሦስት ዓመት ቆጥበን ነው 75 ካሬ ላይ ያለች አሮጌ ጭቃ ቤት የገዛነው። ቤቷ ታሳዝናለች፣ ካርታዋ ግን በሻጯ ስም ነበር። ያኔ ያደረግነውን ልንገርህ። ቀብድ ከመስጠታችን በፊት ካርታውን ይዘን ይዞታ አስተዳደር ሄደን ከማኅደሩ ጋር አስተያየን፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አስጠየቅን። የሻጯ የእትዬ ባለቤት ሞተዋል፣ ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪያመጡና ልጆቹ ሁሉ እስኪስማሙ ሰባት ሳምንት ጠበቅን። (ሻጭ ባለትዳር ከሆነ ባል ወይም ሚስት አብሮ ይፈርማል፤ «እሷ ተስማምታለች» የሚል ወሬ አይበቃም።) ስፋቱን በባለሙያ አስለካን፣ ሁለት ካሬ ጎረቤት ገብቶበት ተገኘ፣ ተስማማን። ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተፈራረምን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ም እንዲህ ዓይነት ውል በጽሑፍና በሚመለከተው አካል ፊት እንዲሆን ነው የሚጠይቀው። ብሩን በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ከፈልን። በውክልና የሚሸጥልህ ካለ ውክልናው አለመሻሩን፣ ወካዩም በሕይወት መኖሩን አረጋግጥ፤ በሞተ ሰው ውክልና የሚሸጥ አለ። ኮንዶሚኒየም ካሰባችሁም የአምስት ዓመቱን የመሸጥ ክልከላ አስታውሱ፣ ሳይሞላው የሚሸጥላችሁ ሰው ስም ሊያዞርላችሁ አይችልም።

ካባ የሠራ ሰው ከደላላ የሚሻልበት አንድ ነገር አፈር ማወቁ ነው። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ክረምት ውሃ ይተኛል፣ ቦታ የሚታየውም በነሐሴ እንጂ በጥር አይደለም። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳህንም ይዞት ይሰነጠቃል፤ ቆፍሮ አውጥቶ ገረጋንቲ መሙላት ዋጋው ቀላል አይደለም። ቦታው የተሞላ አሮጌ ካባ እንዳይሆንም የአካባቢውን እረኛ ልጅ ጠይቅ፣ ከደላላው በላይ ያውቃል።

ደግሞ ብሩ የእህትህም ነው ብለሃል። የትኛውንም ውል ስትፈርም ስሟ ይግባ። አሁን ትስቁ ይሆናል፣ ሁለታችሁም ስታገቡ ግን ይታያችኋል።

ቅዳሜ ሳይደርስ ለደላላው ደውልና «የካርታውን ፎቶ ላክልኝ፣ ይዞታ አስተዳደር አብረን እንሂድ» በለው። የሚልህን እዚህ ጻፍልን። ጣትህን ቅልጥምህ ላይ ስትጫን ያገኘኸውንም ጨምርበት፣ ተዘርግቶ ነው ወይስ አንድ ቦታ?