የነቀዝ መድኃኒት፣ ጉበትና ካርቦክሲልኢስተሬዝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሰንዳፋ አካባቢ ነው። ስንዴዬን ጎተራ ከማስገባቴ በፊት በየዓመቱ የማላታዮን ዱቄት እቀላቅልበታለሁ። የሸጠልኝ ነጋዴ «ነቀዙን እንጂ ሰውን አይነካም፤ ጉበት ያፈርሰዋል» ይለኛል። እውነት ነው? ልጄ በቅርቡ ወልዳ እቤቴ አራስ ናት፤ ክፍሏንና ጎተራውን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። ካለፈው ዓመት የተረፈውን ዱቄት ብጠቀምበትስ ችግር አለው?

መልስ፦ ነጋዴው የነገረዎት በመሠረቱ እውነት ነው፤ ሳይነግርዎት የቀረው ግን ለእርስዎ ቤት የሚበልጠው ነው።

ማላታዮን ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። በአንደኛው መንገድ ወደ ማላኦክሶን ይለወጣል፤ ማላኦክሶን ደግሞ ነርቭ ለጡንቻና ለእጢዎች መልእክት የሚያስተላልፍበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያፈርሰውን ኢንዛይም (በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ሥራ ያስቆማል፤ ነቀዙን የሚገድለው፣ መጠኑ ከበዛም ሰውን የሚገድለው ይኸው ነው። በሌላው መንገድ ካርቦክሲልኢስተሬዝ የተባለው ኢንዛይም በማላታዮን ላይ ካሉት ኢስተር የተባሉ የኬሚካል ማያያዣዎች አንዱን በውሃ አማካኝነት ይቆርጠዋል፤ የሚገኘው አሲድ በቀላሉ በውሃ ስለሚሟሟ በሽንት ይወገዳል። በአጥቢ እንስሳት ጉበት ይህ ሁለተኛው መንገድ እጅግ ፈጣን ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ነፍሳት ደካማ ነው። ማላታዮንን ከተላመዱት የዱቄት ጥንዚዛዎች ብዙዎቹ የዳኑትም ይህን የመሰለ ኢንዛይም በውስጣቸው ስለበረታ ነው።

ሰው የዚህ ኢንዛይም ቤተሰብ የሆኑ አምስት ዘረመሎች አሉት። በጉበት ዋናው ሲኢኤስ1 የሚባለው ሲሆን የሚገኘው በ16ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ዘረመሉ በቆዳችንም በአጥንታችንም ህዋስ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን የጉበት ህዋስ ከሌሎቹ ይልቅ አብዝቶ ያነበዋል፣ ከእሱም አርኤንኤ የተባለውን የመመሪያ ቅጂ በብዛት ይገለብጣል፣ በአርኤንኤውም መሠረት ኢንዛይሙን በብዛት ይሠራል። በአንጀት ደግሞ ሲኢኤስ2 ያይላል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል የተባለው ኪኒን እንኳ ሥራውን የሚጀምረው የጉበቱ ሲኢኤስ1 ከቆረጠው በኋላ ነው፤ ስለዚህ ይህ ኢንዛይም መርዝ ለማፍረስ ብቻ የተቀመጠ አይደለም።

ዘረመሉ የሚነበብበት መጠን ግን በሁሉም ሰው፣ በሁሉም ዕድሜና በሁሉም ጊዜ እኩል አይደለም። አዲስ በተወለደ ሕፃን ጉበት ውስጥ ያለው የሲኢኤስ1 መጠን ከአዋቂው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ከፍ የሚለው ልጁ እያደገ ሲሄድ ነው። ኢንፌክሽን ሲበረታ በደም ውስጥ የሚበዛው ኢንተርሉኪን 6 የተባለው የበሽታ መከላከያ መልእክተኛ ፕሮቲን የጉበት ህዋሳት ይህን ዘረመል የሚያነቡበትን መጠን እንደሚቀንስ ታይቷል። በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤትም ለሰው ዋስትና አይሆንም፤ አይጥ የዚህ ቤተሰብ የሆኑ 20 ዘረመሎች አሏት፣ ኢንዛይሙም በደሟ ውስጥ ጭምር ይዘዋወራል፤ በሰው ደም ፈሳሽ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ «ጉበት ያፈርሰዋል» የሚለው ቃል ለጤነኛ አዋቂ የሚሠራውን ያህል ለአራስ ልጅ አይሠራም። ስንዴውንና ዱቄቱን የሚቀላቅሉት ከቤት ርቀው በደጅ ይሁን፤ በሥራው የለበሱትን ልብስ ሳይቀይሩና ሳይታጠቡ ሕፃኑን አይቀፉ፤ ጎተራውንም ከአራሷ ክፍል ቢያርቁት ይሻላል።

የተረፈውን ዱቄት በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ አይጠቀሙበት። ማላታዮን በሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከፊሉ ወደ አይሶማላታዮን ይለወጣል፤ አይሶማላታዮን ደግሞ መርዙን ማፍረስ የሚገባውን ካርቦክሲልኢስተሬዝን ራሱን ያሰናክላል። በ1976 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፓኪስታን ለወባ መከላከያ ማላታዮን ይረጩ ከነበሩት 7,500 ያህል ሠራተኞች መካከል 2,800 የሚሆኑት ተመርዘው አምስቱ ሞተዋል፤ ዋናው ምክንያት በመድኃኒቱ ውስጥ የተገኘው አይሶማላታዮን ነበር። ጉበታቸው አልታመመም፤ የጉበታቸው መከላከያ ግን ታስሮ ነበር። የተረፈውን ዱቄት ወንዝ ውስጥ ወይም ማሳ ላይ አይድፉት፤ ከነማሸጊያው ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ያሳውቁ።

ከቤተሰቡ አንዱ ምራቁ ቢዝረከረክ፣ ቢያልበው፣ ቢያስመልሰው፣ የዓይኑ ብሌን ቢጠብብ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ወተት እየሰጡ ጊዜ አያጥፉ፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለዚህ መመረዝ አትሮፒን የተባለ መድኃኒት አለ።

ባይጠይቁኝም አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። በአካባቢዎ ገበያ የሚሸጠው የነቀዝ ኪኒን ከማላታዮን ፈጽሞ የተለየ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ካርቦክሲልኢስተሬዝ በዚህ ጋዝ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም፣ ለይቶ የሚያከሽፈው መድኃኒትም የለም። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በጭራሽ አያስገቡት። ስንዴዎ በደንብ የደረቀ ከሆነ ፒክስ የሚባለው ሦስት ንብርብር ያለው ከረጢት ያለ ምንም መርዝ ይጠብቅልዎታል፤ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል።