የሰማችሁት የት ላይ ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችሁ አንዱ የፒያኖ ሙዚቃ ላከልኝና ከሥሩ «ዶክተር፣ ይህን ይስሙልኝ፤ ነፍስ ነው!» ብሎ ጻፈ። አርባ ደቂቃ ያህል ቁጭ ብዬ ሰማሁለት። ሙዚቃው መልካም ነው። ነፍሷ የት ላይ እንዳለች ግን አልነገረኝምና እዚህ ትሆን፣ እዚያ ትሆን እያልሁ ስፈልጋት አመሸሁ። ደውዬ ብጠይቀው «ሁሉም ነገሩ» አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያቺ «ሁሉም ነገሩ» ናት።

እኔ ዕድሜዬን ደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የሰው ደረት ሳዳምጥ የጨረስሁ ሐኪም ነኝ። ተለማማጅ ሐኪሞች ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆመው «ልቡ ትርፍ ድምፅ አለው» ሲሉኝ አንድም ቀን «ጎበዝ» ብዬ አላለፍኋቸውም። የት? ከየትኛው ምት በኋላ? ወደ ብብት ይሄዳል ወይስ ወደ አንገት ይወጣል? ከ6ቱ ደረጃዎች ስንተኛው ነው? ደረጃ 1 የሚባለው ጸጥ ባለ ክፍል ጆሮውን ሰጥቶ ለቆየ ሰው ብቻ የሚሰማ ነው፤ ደረጃ 6 ማዳመጫው ከደረት ፈቀቅ ቢል እንኳ ይሰማል። በአገራችን ስንቱን ልጅ የሚጎዳ፣ ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያጠብ በሽታ አለ። ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ዝቅ ብሎ ይጎረምማል። ሕመምተኛውን በግራ ጎኑ አስተኝታችሁ፣ ትንፋሹን አስወጥታችሁ፣ ማዳመጫውን የልቡ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ካላኖራችሁት ያመልጣችኋል። ቦታውን በትክክል የነገረኝ ተለማማጅ ቢሳሳት እንኳ አመሰግነዋለሁ፤ እኔም ጆሮዬን እዚያው አኑሬ «የለም፣ ይህ የሳንባ ነው» ልለው እችላለሁና። «ልቡ ደስ አይልም» ያለኝን ግን ምን ላድርገው?

ይህን ጠባይ እንኳ ከሕክምና በፊት የተማርሁት ከአባቴ ነው። ጎጃም ውስጥ ዋሸራ ከሚባለው የቅኔ ጉባኤ ቤት ቅኔ የቆጠሩ ሰው ነበሩ። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭር ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ታልቃለች። አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ ሁለተኛዋ ቤት ሳትዘጋ «ይበል!» ብሎ ጮኸ። መምህሩ ዞር አሉና «ምኑ ይበል? ኅብሩ የትኛው ቃል ላይ ነው?» አሉት፤ ኅብር ማለት አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ ነው። ተማሪው መሬት መሬት አየ። አባቴ ይህን ሲያወሩ ተማሪው ማን እንደ ነበር አይናገሩም ነበር፤ ከሳቃቸው ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ያውቀው ነበር።

የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ የለመድሁት ለትምህርት በሄድሁበት በጀርመን አገር፣ በሌፕዚግ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. ከ1723 ጀምሮ በ1750 እስኪሞት ድረስ የኖረባት ከተማ ናት፤ መቃብሩም እዚያው ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ካሴት ይበዛ ነበር። ደብረ ማርቆስ ላይ አርብ ማታ ሦስት አራት ሆነን እኔ ቤት እንሰበሰብ ጀመር። ቡና ይፈላል፣ ካሴት ይገባል፣ ሲያልቅ ክርክር ይነሣል።

ከካሴቶቹ አንዱ ካናዳዊው የፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ በ22 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1955፣ ኒው ዮርክ የቀረጸው የባኽ ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ ነበር። አንድ ዜማ ይነሣል፤ 30 ጊዜ መልኩን ይለዋውጣል፤ በመጨረሻ ያው የመጀመሪያው ዜማ ከመንገድ እንደ ተመለሰ እንግዳ ቀስ ብሎ ይገባል። እኔ ይህን ልጅ አልወደድሁትም። «ጣቱን ሊያሳየን ነው የሚሮጠው፤ ድምፁም ይቀጥናል፤ ባኽ እንዲህ አይጣደፍም» እያልሁ ሁለት ዓመት ሙሉ አወራሁ። ሌፕዚግ የኖርሁት እኔ ነኝና ደፍሮ የሚከራከረኝ አልነበረም። በኋላ ከመካከላችን የሒሳብ መምህር የነበረው ካሴቱን ተውሶ ወስዶ በራሱ ቴፕ ሰማው። በሚቀጥለው አርብ መጣና ምንም ሳይናገር የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ጊዜ ሲደመር 38 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። የእኔ ቴፕ ሁለቱንም ገጽ በ36 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ጨረሰው። መምህሩ እርሳስ አወጣ፤ ከመቶ ስድስት እጅ ይፈጥናል አለ። ቴፕ በዚህ ልክ ሲፈጥን ዜማው ሁሉ ግማሽ ድምፅ ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ የክራር ክር ሁሉ እኩል ጠበቅ እንደ ማለት ነው። ክዳኑን ስንከፍተው ጉዳዩ ተገለጠ። ቺንጋው ላልቶ በነበረ ጊዜ አንድ ጠጋኝ የሞተሩን ፍጥነት የምትወስነውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ጠምዝዞልኝ ነበር፤ በኋላ ቺንጋው ሲቀየር ብሎኗን ወደ ቦታዋ የመለሰ የለም።

ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን ቴፕ ስወቅስ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ያን ዕለት ቡናው አልወረደልኝም። ደግሞ ይህን ሁሉ ያወጣው አንድ ሰዓትና አንድ እርሳስ እንጂ የሙዚቃ ሊቅነት አለመሆኑ ይበልጥ አሳፈረኝ። (ቴፑ ከተስተካከለ በኋላም ልጁ መፍጠኑ አልቀረም፤ እዚህ ላይ ጨርሼ አልተሸነፍሁም።) ጉልድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ያንኑ ሥራ እንደገና ሲቀርጸው 51 ደቂቃ ያህል ፈጅቶበታል። ከፊሉ አንዳንድ ክፍሎችን ስለደገመ ነው። የመክፈቻዋን ዜማ ግን በሁለቱም ቀረጻ ሳይደግም ነው የተጫወታት፤ በ1955 ሁለት ደቂቃ አልሞላችም፣ በ1981 ከሦስት ደቂቃ አልፋለች። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙና የምትሉትን ንገሩኝ።

እናንተ ቺንጋ የላችሁም፤ ስልክ አላችሁ። ስልክም በራሱ መንገድ ይዋሻል፤ ትንሿ ድምፅ ማውጫው ወፍራሙን ድምፅ ታስቀረዋለች። አንዲት ልጅ የበገና ቀረጻ በስልኳ ከፍታ «ዶክተር፣ ስፒከሬ ተቀዷል መሰለኝ፤ ይነዝራል» ብላኝ ታውቃለች። ጆሮዋ ልክ ነው፤ ይነዝራል። የበገና አውታር ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲመታ እንዲነዝር ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ከበገና ደርዳሪው ከዓለሙ አጋ ቀረጻ ላይ ያንን ንዝረት ብታስወግዱት በገናው ይሞታል። በአንጻሩ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ የሚጫወተው ፓብሎ ካሳልስ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ለንደንና ፓሪስ ላይ የቀረጻቸውን የባኽ የቼሎ ሥራዎች ስትሰሙ እንደ ቆሎ የሚንጣጣው ነገር የሸክላው ነው። ያኔ የአንድ ሸክላ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር፤ ሰውዬው በዚያ ጠባብ ጊዜ እየተቆራረጠ ነው የቀረጸው። ጉልድ ላይ ደግሞ ከፒያኖው ጀርባ የሚያንጎራጉር ሰው ትሰማላችሁ፤ ራሱ ጉልድ ነው። እንግዲህ «ይህ ቀረጻ ጫጫታ አለው» ብሎ ሦስቱን በአንድ ቃል ማሰር ምን ይባላል? በእኛ ሙያ የሳንባን፣ የልብንና የማዳመጫውን ጎማ ድምፅ የማይለይ ሐኪም መድኃኒት እንዲያዝ አይፈቀድለትም።

ስለ ውድ ማጫወቻ አትጠይቁኝ። ከሽፋን ጀርባ ያነበባችሁትንም የራሳችሁ ጆሮ እንዳመጣው አድርጋችሁ አትንገሩኝ፤ ሽፋኑን እኔም አንብቤዋለሁ።

ክርክርንም አትፍሩ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ቀረጻ አንድ አርብ ማታ ሲጫወት፣ ከእናንተ እኩያ አንዱ «ምት አይጠብቁም፤ አንዴ ይዘገያሉ፣ አንዴ ይቸኩላሉ» አለ። ዱሮ ዲያቆን የነበረ የባንክ ሠራተኛ ጓደኛችን ተቆጣ። ሊጣሉ ሲሉ «የት ላይ?» አልሁ። ልጁ ቦታውን አሳየ። ሃያ ሴኮንድ የማትሞላ ቦታ ናት፤ ስድስት ጊዜ ያህል መላልሰን አጫወትናት። ዲያቆኑ በእጁ የማሕሌት ምት እየመታ፣ እማሆይ የሚቆዩት ዜመኛ ትንፋሽ በሚስብበት ቦታ እንደ ሆነ ሊያሳየን ሞከረ። ልጁ ደግሞ ግራ እጃቸው ሦስት ሦስት የሚቆጠረውን የዋልዝ ምት ጀምሮ መሐል ላይ እንደሚተወው በጣቱ ቆጠረ። ሁለቱም የሚሉት እዚያው ቦታ ላይ አለ። አልተስማሙም። ያን ሌሊት ሲወጡ ግን አብረው ነው የሄዱት፤ መንገድ ላይ ድምፃቸው እስኪርቅ ድረስ አሁንም ያቺን ቦታ ሲያንጎራጉሩ እሰማቸው ነበር።

ከፍኖተ ሰላም አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ደግሞ በዚህ ሳምንት ጻፈችልኝ። ግሩም አላለችም፣ ነፍስ አላለችም። «በ1981ዱ የጉልድ ቀረጻ፣ የመክፈቻዋ ዜማ ላይ፣ ሁለተኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ግራ እጁ ቀኙን በትንሹ ቀድሞ የሚገባ መሰለኝ። ለእርስዎስ ይሰማዎታል?» ነው ያለችው። ሦስት ጊዜ ሰማሁ፤ ለእኔ አልተሰማኝም። ወይ እርስዋ ተሳስታለች፣ ወይ የሽማግሌ ጆሮዬ ደረጃ 1ን መስማት አቁሟል። ዛሬ ማታ መብራት ካልጠፋ በሩን ዘግቼ አራተኛውን እሞክራለሁ።