ኤክስክሉድ ተጽፎም ፋይሎቹ ለምን አርካይቩ ውስጥ ይገባሉ?

በሼል ስክሪፕትዎ ውስጥ ለታር (ፋይሎችን ወደ አንድ አርካይቭ፣ ማለትም ጥቅል ፋይል፣ ለሚያጠቃልለው ፕሮግራም) የኤክስክሉድን አማራጭ (እንዳይገቡ የሚፈለጉትን ፋይሎች የሚያስቀረውን) ከፋይሎቹ ሙሉ ዱካ ጋር ሰጥተው ሳለ የካሽ ፎልደሩና (ጊዜያዊ መረጃ የሚቀመጥበት) የሎግ ፋይሎቹ (የሥራ መዝገቦቹ) አሁንም አርካይቩ ውስጥ እንደሚገኙ ገልጸዋል። ዋናው ምክንያት ጂኤንዩ ታር (በሊኑክስ ላይ የተለመደው የታር ዓይነት) ፓተርኑን፣ ማለትም ለኤክስክሉድ የሰጡትን የስም ቅርጽ፣ የሚያመሳክረው ፋይሉ ዲስክ ላይ ካለበት ሙሉ ዱካ ጋር ሳይሆን በትዕዛዙ ላይ ከተሰጠው ስም ጋር መሆኑ ነው። እርስዎ በትልቁ ሲ (-C) አማራጭ ወደ ፎልደሩ ገብተው ምንጩን በነጥብ ስለሚያመለክቱ፣ እያንዳንዱ ስም የሚጀምረው በነጥብና በስላሽ ነው፤ ስለዚህ ፓተርኑም «ነጥብ፣ ስላሽ፣ ካሽ» ተብሎ መጻፍ አለበት። «ካሽ» ብቻ ብለው ቢጽፉ ግን በየትኛውም ንዑስ ፎልደር ውስጥ ያለ ተመሳሳይ ስም ሁሉ ከአርካይቩ ውጭ ይሆናል፤ ይህ የሚያስፈልግ መረጃ ሊያሳጣዎት ስለሚችል እኔ አልመክረውም።

የሎግ ፋይሎቹን በተመለከተ፣ ኮከብ ያለበትን ፓተርን በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡ። ከአማራጩ በኋላ ክፍት ቦታ ትተው ያለ ጥቅስ ከጻፉት፣ ሼሉ ኮከቡን አስቀድሞ ወደ ፋይል ስሞች ይዘረዝረዋል፤ የመጀመሪያው ስም ብቻ እንደ ፓተርን ሲቆጠር ሌሎቹ፣ እንዳይገቡ የፈለጓቸው ፋይሎች፣ አርካይቩ ውስጥ እንዲገቡ የታዘዙ ይሆናሉ። ኤክስክሉድን ሁልጊዜ ከምንጩ ስም በፊት ያስቀምጡት። አሮጌውን መጠባበቂያ አርካይቭ ከመሰረዝዎ በፊትም የአዲሱን ይዘት በትንሹ ቲ (-t) አማራጭ ዘርዝረው እንዲያረጋግጡ አጥብቄ አሳስባለሁ።