ያረጀ የንግድ ዩኤችኤፍ ሪፒተር ወደ አማተር ባንድ ለማውረድ ለጠየቅከው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት። ከአገልግሎት የወጣ፣ ከ450 እስከ 470 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የንግድ ሪፒተር (ደካማ ሲግናል ተቀብሎ በዚያው ጊዜ በሌላ ፍሪኩዌንሲ በጉልበት መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ከነዱፕሌክሰሩ (ማስተላለፊያውና መቀበያው አንድ አንቴና እንዲጋሩ ከሚለያቸው ፊልተር ጋር) እጅህ ገብቷል። ወደ 70 ሴንቲሜትር አማተር ባንድ (ሬዲዮን ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎታቸው ለሚሠሩ ወደተመደበው፣ 435 ሜጋኸርዝ አካባቢ ወዳለው ክልል) ማውረድ ይቻላል ወይ፣ ከየት ልጀምር ነው ያልከው። እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት ይችኑ ጥያቄ ይዤ ስዞር ነበር። ሁሉም «ይቻላል» አለኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይቻላል። የቱ ላይ ጨጓራዬ እንደሚላጥ ግን ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ ሪፒተር እንዴት ይሠራል፣ ሲቲሲኤስኤስ (ሪፒተሩን የሚከፍተው ዝቅተኛ ቃና) ምንድነው የሚለውን ዝርዝር ዘልዬ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

1. ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት ወረቀቱን ጨርስ። እኔ አልጨረስኩም። ባንድ ፕላኑን (የፍሪኩዌንሲ ድልድሉን) አይቼ ባዶ የመሰለኝን ጥንድ ፍሪኩዌንሲ መረጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሬዲዮውን በዚያ ላይ ሳስተካክል ከረምኩና ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አማተር ማለት?» አለኝ። አስረዳሁት። «ነገ ና» አለኝ። በነጋታው ስሄድ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ እሱም «አማተር ማለት?» ብሎ ከዜሮ ጀመረ። በአምስተኛው ምልልስ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ፋይሌን ገልጣ አየችው። የመረጥኩት ጥንድ ላይ ሌላ ጣቢያ እንዳለ ነገረችኝና ሌላ ሰጠችኝ። እሷስ ትክክል ነበረች፤ ሁለት ሳምንቴ ግን ውሃ በላው።

ደግሞ በማስተላለፊያውና በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ መካከል ያለው ርቀት እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ 5 ሜጋኸርዝ ነው። ጀርመን 7.6 ነው። እንግሊዝ ውስጥ 1.6 ብቻ የሚጠቀሙ አሉ። የዱፕሌክሰርህን ዕጣ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። ሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች በተቀራረቡ መጠን ዱፕሌክሰሩ ይቸገራል። ለ10 ሜጋኸርዝ ርቀት የተሠራውን 1.6 ላይ አሠራዋለሁ ብለህ እንዳትደክም።

2. ሬዲዮው ራሱ ቀላሉ ሥራ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር አንብብ። አንድ ስም ያለው ዕቃ በተለያየ ባንድ ተከፋፍሎ ይሠራል። ለምሳሌ የሞቶሮላ ኳንታር አንዱ ዓይነት ከ403 እስከ 433፣ ሌላው ከ438 እስከ 470 ነው የሚሸፍነው። የተፈቀደልህ 434 ከሆነ መሀሉ ላይ ወደቅህ ማለት ነው። እንደ ጂኢ ማስተር 2 እና ሞቶሮላ ማይኮር ያሉት አንጋፋዎች ደግሞ በክሪስታል ነው የሚሄዱት። ለአዲሱ ፍሪኩዌንሲ ክሪስታል ማሠራት ይኖርብሃል፤ የሚሠሩት ደግሞ እየተመናመኑ ነው። ኦክላሆማ ሲቲ የነበረው ስመ ጥሩ ኢንተርናሽናል ክሪስታል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቷል። (ማይኮር ካገኘህ ግን ስኬልቹን፣ ማለትም ሲግናል ሲጠፋ ድምፁን የሚዘጋውን ክፍል፣ ስማው። ጠንካራ ሲግናል ሲቋረጥ ያለ አንዳች ኮሽታ ይዘጋል፤ ደካማ ሲሆን ደግሞ ታግሶ ይጠብቃል። እንደዚያ ዓይነት ሥራ ዛሬ ብርቅ ነው።)

ያንተ ግን እንደ እኔው ሲንተሳይዘር (ፍሪኩዌንሲውን ክሪስታል ሳይቀየር በፕሮግራም የሚያወጣ ክፍል) ያለው ይመስለኛል። ቪሲኦው (በቮልቴጅ የሚታዘዘው ፍሪኩዌንሲ አመንጪ) ወደ ታች አልወርድም ካለ የመቆለፊያ ቮልቴጁን በሜትር እያየህ ትሪመሩን (ትንሿን ማስተካከያ) በቀስታ አዙር። የሪሲቨሩ መግቢያ ላይ ያሉትን ሄሊካል ፊልተሮችም አትርሳ። ለ460 የተስተካከለ ፊልተር 435 ላይ ግድግዳ ነው። ዳዶውን አላልተህ ብሎኑን ሩብ ሩብ ዙር እያዞርክ፣ በየዙሩ ሲግናሉን እያየህ ሂድ። ሬዲዮው የሚጻፍበት ሶፍትዌር የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ዘመን ከሆነ እውነተኛ ሲሪያል ፖርት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ፈልግ። በፈጣን ኮምፒውተር ከጻፍክበት ጊዜ አቆጣጠሩ ተዛብቶ ሬዲዮውን ጭራሽ ሊገድልብህ ይችላል። ከምንም በፊት ውስጡ ያለውን አንብበህ አስቀምጥ። ይህችን እንኳ በደንብ ነው የሠራኋት፤ ሰው ሁሉ ያስፈራራኝ በዚህ ነበር፣ እኔ ግን በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የንግድ ሬዲዮዎችን ወደ 12.5 ኪሎኸርዝ ስላጠበበች ሰፊ ባንድ የነበረው ዕቃ ገበያ ላይ ፈሰሰ። ያንተ ከዚያ ከሆነ ተገላገልክ። ጠባቡን ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን 5 ኪሎኸርዝ ዴቪዬሽን (ድምፁ ፍሪኩዌንሲውን የሚያወዛውዝበት ስፋት) ያለው ሰው ሲያወራበት ድምፁ ይጎረብጣል፤ ፊልተሩን መቀየር ነው።

3. ዱፕሌክሰር። ቁጥሩ እዚህ ላይ ይቁም፤ እኔም አራት ወር የቆምኩት እዚህ ነው።

ሁሉን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ ስጨርስ ሪሲቨሩ ለብቻው ግሩም ነበር። 0.25 ማይክሮቮልት ላይ 12 ዴሲቤል ሲናድ (ድምፁ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካበት) ይሰጣል። ጨፈርኩ። ከዚያ ትራንስሚተሩን አበራሁ። ሀንግ ታይሙን (ሲግናል ከጠፋ በኋላ ትራንስሚተሩ ሳይወድቅ የሚቆይበትን ጊዜ) ለሙከራ ዜሮ አድርጌው ነበር። በእጅ ሬዲዮ ደካማ ሲግናል ስልክለት ሪፒተሩ ይከፈታል። ትራንስሚተሩ ሲነሳ ሪሲቨሩ ይደነቁራል። ስለደነቆረ ስኬልቹ ይዘጋል። ሲዘጋ ትራንስሚተሩ ይወድቃል፤ ጆሮው ይመለሳል፤ እንደገና ይከፈታል። ሪሌዩ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያ ድምፅ በእንቅልፌ ሁሉ ይመጣብኝ ነበር።

ሂሳቡን ካየኸው አይገርምም። 40 ዋት ማለት 46 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር የተሰላ ዴሲቤል) ነው። ሪሲቨርህ የሚያደምጠው ሹክሹክታ ከዜሮ በታች 119 ዲቢኤም አካባቢ ነው። መሀላቸው 165 ዴሲቤል አለ። ሁለቱም በአንድ አንቴና፣ በአንድ ጊዜ።

መጀመሪያ ሬዲዮውን ጠረጠርኩ። ሁለተኛ ሪሲቨር ገዛሁ፤ ያው ነው። ፕሪአምፕ (ሪሲቨሩ ፊት የሚገባ ማጉያ) ጨመርኩ፤ ባሰበት። ከፓወር ሳፕላዩ ይሆናል ብዬ በባትሪ አሠራሁት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻ ዱፕሌክሰሩን ተሸክሜ አንድ ወርክሾፕ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ባለሙያው በትንሿ ናኖቪኤንኤ (የፊልተርና የአንቴና ርካሽ መለኪያ) ለካውና መስመሩ ታች ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የተኛበትን ስክሪን አሳየኝ። «ከዚህ በላይ አይወርድም፤ ዱፕሌክሰርህ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ አንተ ነህ» አለኝ። እንዲህ እንዳለ። ሂሳቡንም ሳያፍር ተቀበለኝ።

ለካ ያ ጠፍጣፋ መስመር የመሣሪያው የራሱ ወለል ነው! የመጀመሪያዋ ናኖቪኤንኤ ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ የምትሠራው በሃርሞኒክ (በራሷ ሲግናል ብዜቶች) ነው። እዚያ ላይ የምታየው 50 ዴሲቤል አካባቢ ድረስ ነው። እኛ የምንፈልገው 80 ገደማ ነው። የቀረውን 30 ዴሲቤል እሱም አላየውም፣ እኔም አላየሁትም፣ ብቻ ተበላሁ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሲግናል ጄኔሬተሩን በትራንስሚተሩ ፍሪኩዌንሲ ላይ አድርገህ ወደ አንቴና መግቢያው ስጥ። በሪሲቨሩ በኩል በዚያው ፍሪኩዌንሲ የተከፈተ ሌላ ሪሲቨር አድርግ። ሥራ የሌለውን ሦስተኛውን መግቢያ በ50 ኦም ሎድ ዝጋው። ከዚያ ሲግናሉ እስኪጠፋ አስተካክል። ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ከፍ አድርግና ቀጥል። ሪሲቨር ከየትኛውም ርካሽ መለኪያ የበለጠ ጠለቅ ብሎ ያያል። የትራንስሚተሩን ጎን በተቃራኒው፣ በሪሲቨሩ ፍሪኩዌንሲ ላይ ትሠራዋለህ። በሪሲቨሩ ጎን ያሉት ካቪቲዎች (የዱፕሌክሰሩ ፊልተር ጣሳዎች) የትራንስሚተሩን ጉልበት ይከላከላሉ። በትራንስሚተሩ ጎን ያሉት ደግሞ ትራንስሚተሩ ሪሲቨርህ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚረጨውን ጫጫታ ይበላሉ። ብዙ ሰው ይህን አገላብጦ ይሠራና ዕቃውን ይረግማል።

በዚህ መንገድ አስተካክዬ ደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ጉልበቱን የሚውጥ መሞከሪያ) በቀጥታ ዱፕሌክሰሩ ላይ ስገጥም ሪሲቨሩ የሚያጣው ከ1 ዴሲቤል በታች ሆነ። ተሳካ ብዬ አንቴናውን መለስኩ። 9 ዴሲቤል አጣሁ! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያዳኑኝ ጡረታ የወጡ አንድ የሬዲዮ ቴክኒሻን ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። መጥተው ምንም ሳይለኩ ካቻቢቴውን ገልብጠው ያዙና በእጀታው ኬብሎቹን አንድ በአንድ መታ መታ አደረጉ። እኔ ደካማውን ሲግናል እያዳመጥኩ ነው። አንደኛው ምንም። ሁለተኛው ምንም። ከዱፕሌክሰሩ ወደ አንቴናው መስመር የሚሄደውን አጭሯን ኬብል ሲነኩ ግን ስፒከሩ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። «ይቺን ከየት አመጣሃት?» አሉኝ።

አፈርኩ። ከዚያ ሁሉ አሮጌ ዕቃ መካከል ብቸኛዋ አዲስ ነገር እሷ ነበረች። ብክነቷ ትንሽ ነው ተብዬ ተመርጣ የተገዛች። ውስጧ የአልሙኒየም ፎይል ነው፤ ከላዩ ቆርቆሮ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ተሸርቦበታል። ለተራ ሬዲዮ ምንም አትልም። ሪፒተር ላይ ግን ሙሉ ጉልበት እያለፈባት፣ ሁለቱ የተለያዩ ብረቶች በነፋስና በሙቀት እየተፋተጉ ጫጫታ ይፈጥራሉ። ያ ጫጫታ በቀጥታ ሪሲቨርህ ጆሮ ውስጥ ይገባል። በአርጂ-214 ኬብል ቀየርኳት፤ እሱ ሁለት ድርብ፣ ብር የተቀባ የመዳብ ሽሩባ ነው። ጫፎቹን በኤን ኮኔክተር አሠርኩ፤ አዳፕተር የሚባል አንድም አላስቀረሁም። 9 የነበረው ከ1 በታች ገባ። አራት ወር፣ አንድ ትርፍ ሪሲቨር፣ አንድ ፕሪአምፕና የወርክሾፑ ክፍያ፣ ሁሉም ክንዴን በማታክል ኬብል ምክንያት።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ሬዲዮውን ሳትከፍት፣ ኬብሎቹን ሁሉ ነቅለህ አያቸው። በደሚ ሎድ ለካ፤ ከዚያ በአንቴና ለካ። በደሚ ሎድ ደህና ሆኖ በአንቴና ከተበላሸ ሬዲዮህን አትንካ፤ ጣጣው ከዱፕሌክሰሩ ወደ ላይ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። ፓወር አምፕሊፋየሩን በሙሉ ጉልበት አታሠራው። የእኔ 40 ዋት ይሰጣል፤ እኔ 20 ላይ አድርጌ ፋን ገጠምኩለት፤ የሚሰማው ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ዱፕሌክሰሩም 1.5 ዴሲቤል ከበላብህ 100 ዋቱ 71 ሆኖ ነው የሚወጣው፤ አትደንግጥ። ትራንስሚተሩ መውጫ ላይ አይሶሌተር (ጉልበት ወደ ትራንስሚተሩ ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክል) ካለ እሱም በድሮው ፍሪኩዌንሲ ነው የተስተካከለው፤ እኔ ረስቼው አንድ ቀን ሙሉ ኃይሉ የት ገባ እያልኩ ፈልጌያለሁ። ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወራ ከመሰለህ ወይም እንደ ቆርቆሮ ከሾለ ፕሪኤምፋሲስና ዲኤምፋሲስ (ቀጭኑን ድምፅ ሲላክ የሚያጎላውና ሲደርስ መልሶ የሚቀንሰው ማስተካከያ) አንዱ ጎሏል ወይም ተደግሟል።

የሞዴል ቁጥሩንና የተሰጠህን ጥንድ ጻፍልኝ፤ የዱፕሌክሰሩንም ፎቶ ለጥፍ። ኬብሎቹ ከነጫፋቸው በፎቶው ይግቡ።